እግሬ አይደለም

እና እግርሽ ነው ይበለኝ ባሌ፣ ዛሬም፣ ሱሪውን በአንድ እግሩ እየዘለለ እየለበሰ፣ መኪናው ምንም የለውም፣ አንቺ ነዳጅ ስትሰጪ ትቆራርጫለሽ፣ አንዴ ትረግጫለሽ አንዴ ትለቂያለሽ፣ ሞተሩ ግራ ይገባዋል። ሞተሩ ግራ ይገባዋል! ለሞተሩ አዘነለት። እኔ ስድስት ሳምንት ሙሉ ግራ ሲገባኝ ማን አዘነልኝ፣ ጭራሽ ሻዩን ቆሞ ጨልጦ፣ ቀስ ብለሽ ንጂ የኔ ቆንጆ፣ ብሎኝ ወደ ጋራዡ ሄደ። ድንቄም የኔ ቆንጆ።

ሁለት ሰዓት ተኩል። የእማዬ ቀጠሮ አራት ሰዓት ነው። ኮፈኑን ከፍቼ በዘንጉ ደግፌ ግቢው ውስጥ ቆሜያለሁ፣ ሞተሩ በርቷል፣ እየሠራ ነው፣ እየሠራ፣ እየሠራ፣ ይኸው፣ ተደናቀፈ፣ መላ አካላቱ ተንዘፈዘፈ፣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ ይሠራል። ማን ረገጠው አሁን? እግሬ እዚህ መሬት ላይ ነው፣ ሁለቱም፣ በነጠላ ጫማ። ንገሩኝ እስቲ፣ በየትኛው እግሬ ነው ነዳጅ የቆራረጥኩት?

ደግሞ እኔን በእግር። ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ የሰፋሁት በዚህ እግር ነው፣ የማሽኑን ፔዳል አንድ ስፌት ስጪ ቢሉት አንድ ይሰጣል፣ አንድ፣ ከዚያ ቀጥ፣ ሐር ላይ፣ የሙሽራ ቀሚስ አንገት ላይ፣ ሙሽራዋ ደጅ ቆማ እያለቀሰች። የግማሽ ከተማ ተማሪ ዩኒፎርም በዚህ እግር አልፏል። እሱ ራሱ ለብሶት የሄደው ቱታ፣ ሁለቴ የጠገንኩት፣ በዚሁ እግር የተሰፋ ነው። እግሬን ለብሶ እግሬን ያማል።

ሰፈሩ ጆሮ ይለዋል። ስሙን የሚጠራው የለም፣ ጆሮ ጋ ውሰደው፣ ጆሮ ይስማው፣ ነው የሚባለው፣ እውነትም በአጥራችን ሥር የሚያልፍ መኪና ሰምቶ ይሄ ሰውዬ ቀበቶው ሊበጠስበት ነው ይላል፣ ይበጠሳልም። የሰው መኪና ሲሆን። የኔን ግን በእኩለ ቀን ይዞት ዞር ዞር ይልና፣ አዲስ ነው እኮ፣ ምኑን ነው የምታወሪው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ። እህቱ ደግሞ ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ፣ አንቺ ስትይዢው እኮ መኪናው ራሱ ይጨፍራል፣ አለችና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቼ ሳይቀሩ። እማዬም ፈገግ አለች፣ አይቻታለሁ፣ አልረሳውም።

ረቡዕ ግን ማንም አልሳቀም። አደባባዩ መሀል፣ ከፊት የጭነት መኪና፣ ከኋላ የጭነት መኪና፣ ሦስቴ ተንገጫግጮ ድርግም። እማዬ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ፣ ያ ሁሉ ጥሩምባ፣ አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ ሂጂ ቤትሽ ግቢ አለኝ፣ እኔም መለስኩለት፣ የመለስኩለትን አልደግመውም፣ እናቴ እየሰማች መሆኗን የረሳሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይተን ደረስን፣ አልጋዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ነርሷን ለምኜ ለምኜ አራት ሰዓት ከሚፈጀው የኩላሊት እጥበት ሁለት ሰዓት ተኩሉን አገኘችልኝ። ዶክተሩ ወደ ጥግ ወሰደኝ፣ በዚያ በደብዳቤ አማርኛው፣ የታካሚዋ ሁኔታ መቆራረጥን የሚፈቅድ ባለመሆኑ አንድም ክፍለ ጊዜ መዝለል አይመከርም። አይመከርም! እኔ ዝለዪ ብዬ መክሬያት ነው?

ዛሬ ጠዋት ልብሷን ይዤላት ስገባ አልሄድም አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። በቃኝ ልጄ፣ እኔን ስታመላልሺ መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ፣ አንቺ ልጆች አሉሽ፣ እኔ የኖርኩትን ኖሬያለሁ። ኧረ እማዬ ተይ እንዲህ አይባልም። አልኩሽ እኮ። ታክሲ ልጥራልሽ? ታክሲ አልገባም፣ አንዴ አስመልሷት ሹፌሩ ያላትን አልረሳችም፣ እኔም አልረሳሁም። ብርድ ልብሱን ገልጬ እግሯን ነካሁት፣ አብጧል፣ ጣቴን ሳነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። አውቃታለሁ፣ ዛሬ ከቀረች ሰኞም ትቀራለች፣ ሰኞ ከቀረች፣ ትሞትብኛለች። ይኸው ነው፣ ዙሪያ ጥምጥም የለውም። ይህ ሞተር በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተስተካከለ እናቴ ከዚያ ክፍል አትወጣም፣ ካልወጣች ትሞትብኛለች፣ እሱ ደግሞ እግርሽ ነው ይለኛል።

የመኪናውን መጽሐፍ ከመኪናው ኪስ አወጣዋለሁ፣ ገጹ ተጣብቋል፣ ሞተሩ ባልተስተካከለ ሁኔታ ሲሠራ ከተስተዋለ በአቅራቢያዎ የሚገኝ የሠለጠነ ባለሙያ ያማክሩ። አማክሬያለሁ! በአቅራቢያዬ የሚገኝ፣ እንዲያውም አጠገቤ ተኝቶ የሚያንኮራፋ የሠለጠነ ባለሙያ አማክሬያለሁ። ወርውሬው መቀመጫው ላይ።

እሺ። ረጋ በይ አንቺ ሴት። ማሽንሽ ስፌት ሲዘልብሽ ምን ታደርጊያለሽ፣ ፔዳሉን ትሳደቢያለሽ? መቼ ነው የሚዘለው ትያለሽ፣ ወፍራም ጨርቅ ላይ ነው ስስ ላይ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ትቀይሪያለሽ፣ መርፌውን፣ ታዪዋለሽ፣ እምቢ ካለ ክሩን። ሁሉን ባንዴ የነካካ ሰው በምን እንደዳነ አያውቅም። መቼ ነው ታዲያ? የደንበኞች ልክ የምጽፍበት ደብተር፣ ከወገብ ሰማንያ ሁለት፣ ከትከሻ አርባ፣ ዳር ዳሩ ላይ መኪናውን ጽፌዋለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ተደናቀፈ፣ ረቡዕ ጠዋት ቆመ፣ ሐሙስ ጨርቅ ልገዛ ስሄድ ምንም፣ ዓርብ ጠዋት ደግሞ ተንገጫገጨ፣ ቅዳሜ ምንም፣ እሁድ እሱ ነዳው ምንም። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ሰኞ ረቡዕ ዓርብ! የእጥበት ቀን ብቻ። ምነው ይህ መኪና ኩላሊት አለው እንዴ፣ ወይስ እናቴን ጠልቶ ነው፣ ሳላውቅ የባሌ ዘመድ ሆኖ ነው?

ጠብ። ማጅራቴ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ። ቀና እላለሁ፣ አንሶላው። የእማዬ አንሶላ፣ ትናንት ማታ አጥቤ ያሰጣሁት። በእጥበቷ ዋዜማ ሁልጊዜ አጥባለሁ፣ ደክሟት ስትመለስ ንጹሕ ላይ እንድትተኛ፣ ገመዱ ደግሞ የተወጠረው ከመኪናው በላይ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ፣ ኮፈኑ ላይ፣ ከኮፈኑ ተንሸራቶ ከመስታወቱ ሥር፣ ላስቲኩ በተበላበት በኩል ወደ ውስጥ። እጄን ሰድጄ እዳስሳለሁ። ረጥቧል፣ እዚህ ጋ፣ ከወዲያ ግን ደረቅ ነው። እሱ በእኩለ ቀን ሲነዳው ውሃውን ፀሐይ ጠጥቶታል፣ ደርቋል፣ አዲስ ነው እኮ ይላል። ወይኔ! እኔው ነኝ ማለት ነው? እኔው በገዛ እጄ፣ በገዛ አንሶላዬ?

ቆይ፣ ቆይ። ዝናብ ሲዘንብ የከተማው መኪና ሁሉ ይቆማል? አይቆምም። ውሃው ያጋለጠው ነገር አለ፣ አንድ የተሰነጠቀ ነገር፣ ጤነኛ ዕቃ በአንሶላ ጠብታ አይንበረከክም። ስሮጥ ወደ ቤት፣ ልብስ ስተኩስ የምረጭበትን ጠርሙስ ይዤ ስመለስ እማዬ በመስኮት ታየኛለች፣ መጋረጃው ተንቀሳቅሷል፣ አላየሁም እላለሁ።

አራት ካንዴላ፣ በእያንዳንዱ አናት ላይ አንድ ኮይል፣ ብልጭታውን ለካንዴላው የሚልክለት እሱ ነው፣ ይህችን እንኳ አውቃለሁ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ኮይል ሲያወራ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ሞተሩ ይሠራል። እጄን አርቄ አንደኛው ላይ ፍስስ፣ ትንሽ፣ እጠብቃለሁ፣ ምንም። ሁለተኛው ላይ ፍስስ፣ ምንም። ሦስተኛው ላይ፣ እእእ፣ ያዘው፣ ተንገጫገጨ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከውስጡ፣ ብልጭታው መንገዱን ስቶ በጎን እየዘለለ ነው። ያዝኩህ። ያዝኩህ አንተ ሌባ። አራተኛው ላይም ረጨሁ፣ ለፍርድ ያህል፣ ምንም። ሦስተኛው ነህ። እግሬ አይደለህም፣ ሦስተኛው ነህ!

ቁልፉን አጥፍቼ፣ ሶኬቱን ነቅዬ፣ በአሥር ቁጥር ቁልፍ ብሎኑን ፈትቼ፣ አንዲት ብሎን ናት፣ የልብስ ቁልፍ ከመትከል አትከብድም፣ ወዘወዝኩና ነቀልኩት። ረጅም ጥቁር ላስቲክ፣ ጎኑ ላይ ስንጥቅ፣ በስንጥቁ ዳር ነጭ መስመር፣ ብልጭታው የሄደበት። ይኸው። አሁን ፎቶ አንሥቼ እልክለታለሁ፣ ከሥሩም እግሬን አነሣለሁ፣ የትኛው ነው የተሰነጠቀው፣ ምረጥ፣ ብዬ።

ግን ነጥቦቹ የታሉ?

መኪናውን የገዛን ሰሞን አራቱንም ነቅሎ ሲያጸዳ እንዳያቀላቅላቸው ምልክት ያደረግኩባቸው እኔ ነኝ፣ በጥፍር ቀለሜ፣ በቀዩ፣ አንደኛው ላይ አንድ ነጥብ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት። አንደኛው ይኸው አንድ፣ አለ። ሁለተኛው ሁለት። አራተኛው አራት፣ አንዷ ለቅቃለች። ሦስተኛው ላይ ምንም የለም። ለቅቆ ነው? አይደለም፣ ፍንጣቂም የለም። በምትኩ አናቱ ላይ ነጭ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል፣ በዘይት ጠቁሮ፣ ይሄን ፕላስተር፣ ይሄን፣ ቆይ እስቲ፣ በጥፍሬ ጫፉን አነሣዋለሁ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት፣ በቀጥታ የሚቀደድ። አውቀዋለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ከእማዬ ክንድ ላይ በሞቀ ውሃ እያራስኩ የምልጠው ፕላስተር ነው፣ መርፌው እንዳይንቀሳቀስ ነርሷ የምትለጥፈው። ቆዳዋን እንዳያነሣው እየፈራሁ የምልጠው። በሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም።

ነርሷ። ያን ሰሞን ተበላሽቶ እሱ ጋራዥ የገባው የነርሷ መኪና። አሃ።

ሃሎ። ሃሎ የኔ ቆንጆ፣ ደረሳችሁ? ሦስተኛው ኮይል የማን ነው? የምን ኮይል? ነጥብ የሌለው፣ የሆስፒታል ፕላስተር የተጠቀለለበት። ከኋላው መዶሻ ይጮሃል፣ ከዚያ በር ተዘጋ፣ መዶሻው ራቀ፣ ወደ ጓሮ ወጥቷል፣ ባሌ ሊዋሽ ሲል ወይ ሊናዘዝ ሲል ወደ ጓሮ ይወጣል። እሱ እኮ፣ ለጊዜው ነበር። ለጊዜው? ነርሷ ተጎትታ መጣች፣ የተነቃነቀ መስሏት ኮይሉን በዚያ በፕላስተሯ ጠቅልላው፣ ተረኛ ነኝ ሰው አልጋ ላይ ይጠብቀኛል ብላ አለቀሰች፣ ዕቃው ገበያ ላይ ጠፋ፣ ያን ቀን ያንቺን መኪና ይዤ ነበር፣ ኮይሉ መሆኑን ለማወቅ ያንቺን ነቅዬ ሞከርኩት፣ ተነሣላት፣ ልቤ መልሼ ልንቀልባት አልቻለም። የሷን ያንቺ ላይ ሞከርኩት፣ ሠራ፣ ለሁለት ቀን ብዬ ነው፣ ዕቃው እስኪመጣ፣ እናትሽን የምታክም ልጅ ናት እኮ።

ይህ ነው የሚያንገበግበው! ክፉ ሥራ ቢሆን ደህና አድርጌ እጮህበት ነበር፣ ለዚያች ልጅ ሆኖ ምኑን ልጩህ፣ ያቺን ልጅ እኔም እወዳታለሁ፣ እማማ ዛሬ አያምዎትም ብላ መርፌውን ስታስገባ እኔ ፊቴን አዞራለሁ እሷ አታዞርም። እሷ ባትደርስ እናቴን ማን ያስተኛታል፣ ብትጠይቀኝ በገዛ እጄ ነቅዬ እሰጣት ነበር፣ ብትጠይቀኝ፣ ሰማህ፣ ብትነግረኝ! ትቆጪያለሽ ብዬ ነው። እና እግርሽ ነው አልከኝ። እና ስድስት ሳምንት ሙሉ እግርሽ ነው አልከኝ፣ ዕቃውን ለሰው ሰጥተህ በኔ እግር አላከክ፣ ጆሮ ተብዬው፣ አንተ ሳትሰማው ቀርተህ ነው? ሰምቼው ነበር፣ አለ። በጣም ቀስ ብሎ። አንድ ቀን ማለዳ ስትወጪ ሰምቼው ነበር፣ ኮይሉ ነው ብል ሁሉ ነገር ይወጣል፣ የመጀመሪያ ቀን አፌ ላይ የመጣልኝ እግርሽ ነበር፣ ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ።

ሰምቶታል። ሰምቶት እኔን አደባባይ ላይ።

አሁን መጥቼ ልቀይርልሽ፣ የአንድ ሰው ካምቢዮ አውርጄያለሁ ግን ልተወውና ልምጣ፣ ይላል። አትምጣ፣ ስትደርስ አምስት ሰዓት ነው፣ የኔም ኮይል ነርሷ መኪና ላይ ይቆይ፣ ትድረስበት። አዲሱ ሲመጣ ለኔ ነው። ማታ ግን ራት ላይ እህትህን ትጠራታለህ፣ እሷን፣ ልጆቹን፣ እማዬን፣ ሁሉንም አስቀምጠህ እግሯ አይደለም ትላለህ። ሁለት ቃል። ከኮይል ትቀላለች። እሺ የኔ፣ ዘጋሁት። የኔ ምንም።

ሦስት ሰዓት ከአምስት። ፕላስተሩን ልጬ ጣልኩ፣ ላስቲኩን በደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ኮይሉ የሚገባበትን ጉድጓድ፣ ጨርቁን በካቻቢቴ ጫፍ አስገብቼ ውሃውን እስኪጨርስ። ስንጥቁ ላይ የኤሌክትሪክ ቴፕ፣ ስስ አድርጌ፣ እየወጠርኩ፣ ጠርዝ እንደምጠቀልል፣ አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሳይሸበሸብ። ሦስተኛው ቦታ ላይ ግን አልመልሰውም፣ ውሃው የሚወርደው እዚያ ነው፣ አንደኛው ግን ደረቅ ጥግ ላይ ነው፣ ጠብታ አይደርሰውም፣ ስለዚህ ባለ አንድ ነጥቡን ነቅዬ ወደ ሦስተኛው፣ በሽተኛውን ወደ ደረቁ። ደካማ ጨርቅ ብብት ላይ አይውልም፣ ኪስ ውስጥ ይደበቃል። ብሎን፣ ሶኬት፣ ቀጭ። ይህን ማን አስተማረኝ? ማንም።

ቁልፉን አዞርኩ፣ ተነሣ። ወርጄ ጠርሙሴን አነሣለሁ፣ ፍስስ፣ ሦስተኛው ላይ፣ እጠብቃለሁ፣ ምንም። ደግሜ ፍስስ። ምንም! አንደኛው ዳር ዳር ላይም ፍስስ፣ ምንም። ጸጥ ብሎ ይሠራል፣ ያለ ዝላይ፣ ያለ መንገጫገጭ፣ ቀጥ ያለ ስፌት። እሰይ። እሰይ የኔ እናት። ማንም አላየኝም፣ አንሶላው ሥር ቆሜ ብቻዬን አጨበጨብኩ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ አየሁ።

መኪናውን ከገመዱ ሥር አውጥቼ በሩ ጋ ሳቆመው፣ እማዬ ደፉ ላይ ቆማለች። ለብሳለች። ቀሚሷን ራሷ፣ ቁልፉን አንዱን ዘልላ ቆልፋዋለች፣ የእጥበት ቦርሳዋን በክንዷ አንጠልጥላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። ሞተሩን። መኪናውን ሳይሆን እኔን የምታዳምጥ ነው የሚመስለው። ባልሽ መጥቶ ሠራው? አለችኝ።

ባልሽ! ጮኼ ልፈነዳ ነበር፣ ለሷ አልጮህም፣ እጄን ብቻ አሳየኋት፣ ሁለቱንም፣ እስከ ክርኔ ጥቁር። አየችው። ተደግፋኝ ገባች፣ ቀበቶዋን አሰርኩላት፣ የተዘለለውን ቁልፍ ፈትቼ ቆለፍኩላት፣ ሄድን።

ገና ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። አደባባዩ መጣ፣ እማዬ እጇን ወደ እጀታው ልካ፣ ያዘችው፣ እኔም ትንፋሼን ይዣለሁ፣ አሁን ነው፣ አሁን ይደናቀፋል፣ ከፊት የጭነት መኪና፣ ፍሬን፣ ነዳጅ፣ አለፍነው። አለፍነው እኮ። መብራቱ ላይ ቀይ ያዘን፣ ቆምን፣ ሞተሩ መሥራቱ እንኳ አይሰማም። እማዬ እጀታውን ለቀቀችው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ። ዛሬ ረጋ ብለሻል፣ አለችኝ።

አላስቻለኝም። እማዬ፣ የረጋው መኪናው ነው፣ እኔ ድሮም የረጋሁ ነኝ፣ እግሬ አልነበረም፣ ገባሽ፣ አንድ ቀንም እግሬ አልነበረም! ድምፄ ወጣ፣ አጠገባችን ያለው ሹፌር ዞሮ አየን፣ ይይ፣ ዓይኔ ሞላ፣ በዘይት እጄ ጠረግኩት፣ ባሰው።

እማዬ የቀሚሷን ጫፍ አንሥታ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ታሻሻለች፣ አምና የሰፋሁላት ነው፣ ከፍ ዝቅ የሌለው። አውቃለሁ፣ አለች። ይሄን በምን ሰፋሽው ታዲያ? ያን እሁድ መሳቄ ነው ጥፋቴ።

አረንጓዴ። ነዳጅ እሰጣለሁ፣ በስሱ፣ አንድ ስፌት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።